ጉዳዩ ለሌላ ይተላለፍልኝ

ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ተንበርክኬ ትቻችሁ ነበር። አሁን ተነስቻለሁ። ጉልበቴ ማለቴ ነው፤ ልቤማ እዚያው ደረጃው ላይ ቀርቶ ሰው ሲረግጠው ነው የሰነበተው።

ያን ሳምንት ላልነበራችሁ ባጭሩ ላውጋችሁ። እኔ የአንድ የክርስቲያን ኮሌጅ ጠጋኝ ነኝ። የተሰበረ ወንበር፣ የላላ ማጠፊያ፣ አልበራም ብሎ ያኮረፈ አምፖል፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ኮሌጁ አንድ ጊዜ ተመርቀው ሥራ የያዙ ሰዎችን መልሶ አስገብቶ በማኅበራዊ ሥራ ማስተርስ ያስተምራል። ሀዘንተኛውን፣ ሱስ የያዘውን፣ ትዳሩ የፈረሰበትን ሰው እንዴት እንደሚያዳምጡት፣ እምነታቸውንም ከሙያው ጋር ሳያጋጩ እንዴት እንደሚያስኬዱት ማለት ነው። ለዚህ የተሠራ አንድ ክፍል አለ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ እንባ ቢመጣ ተብሎ አንድ ካርቶን ሶፍት፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ትልቅ መስታወት። መስታወቱ ከውስጥ ላለ ሰው መስታወት ነው፤ ከወዲያ ላለ ግን መስኮት። ተማሪው አንዱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱ ባለጉዳይ መስሎ የሚተውን ሰው ይቀመጣል፤ መምህራኑ ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው ማርክ ይሰጣሉ።

ያ የሚተውነው ሰው አንድ ቀን ቀረ። እኔ በሩን ስጠግን ፕሮፌሰሯ አዩኝና «አንተ፣ መዋሸት ትችላለህ?» አሉኝ። እኔን! ሰፈሩ በሙሉ «ቀደዳው» ብሎ የሚጠራኝን!

ከዚያ ወዲህ ያልሆንኩት ባለጉዳይ የለም። አሳንሰር ውስጥ ተወልጄ አሳንሰር ውስጥ ያደግሁ፣ መሬት ስረግጥ የሚያዞረኝ ሰው ሆኛለሁ። አማቴ ፍሪጅ አዝላ የጠፋችብኝ ሰው ሆኛለሁ፣ ያውም ከነሥጋው። አንዱ ተማሪ ለፍሪጁ አልቅሶ አልቅሶ መነጽሩ ተንሸራቶ ወድቆ ተሰበረ። የጠገንኩለትም እኔው ነኝ።

ከሁሉም መሀል አንዲት ነበረች። ሌሎቹ ስቀድ ወይ ይስቃሉ ወይ ይመክሩኛል። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ የሚቀጥለው ቃል ከእኔ እስኪወጣ ትጠብቃለች። እንደዚያ ሲጠበቅ ደግሞ ውሸት ያልቃል። አፌ ውስጥ እፈልገዋለሁ፣ የለም! ስለዚህ «ዝምታ» ብዬ ስም አወጣሁላት። ሌላው ሰው «የፓስተሩ ልጅ» ነው የሚላት፤ አባቷ ስማቸው የገነነ ፓስተር ናቸው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ እወድሻለሁ አልኳት። አባትሽ ለጠጋኝ ልጄን አልሰጥም እንደሚሉ አውቃለሁ፣ እሁድ እሁድ እቤታችሁ ምሳ የሚበላ የጥርስ ሐኪም እንዳለም አውቃለሁ፣ ቢሆንም እወድሻለሁ። ተንበርክኬ! እሷም እጇን አጣጥፋ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ?

«ስለ ልጅቷ አባት ስታወራ ድምፅህ ሲሰበር አስተዋልኩ» አለችኝ። «በጣም አሪፍ ነው። ለፈተናው እንደዚህ ከተወንክ ሁላችንንም ትጥለናለህ።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ወረደች።

ለካ እየተለማመድኩ መስሏታል!

*

«እና አንተስ ምን አልካት?» አለችኝ እህቴ። ታላቄ ናት፣ ልብስ ሰፊ። አፏ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ደርድራ ነው የምታወራው፤ አንዱንም ውጣ አታውቅም።

«አመሰግናለሁ አልኳት።»

«አመሰግናለሁ?» መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። ይህን የምታደርገው ስትቆጣ ብቻ ነው። «ሰው እወድሻለሁ ብሎ ሲያበቃ አመሰግናለሁ ይላል? የሽልማት ሥነ ሥርዓት ነው?»

«ምን ልበል ታዲያ እትዬ? አመሰገነችኝ እኮ።»

«አንተ ልጅ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትቀድ ኖርክ። እኔ የቀደድከውን ሁሉ መስፋት አልችልም።» የያዘችውን እጅጌ አገላብጣ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለመሆኑ እሷ ትወድሃለች?»

«በምን አውቃለሁ?»

«እንዴት ታይሃለች?»

እንዴት እንደምታየኝ መናገር ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ቀትር ላይ ከደረጃው ሥር ወዳለችው ዕቃ ቤቴ ብቅ ትልና፣ «ይቅርታ፣ ተረከዜ ወለቀ» ትለኛለች። ጫማዋን ተቀብዬ እመታላታለሁ። እሷ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ እግሯ ካልሲ፣ እጄን ታያለች። ቀና ስል መዶሻውን ታያለች። ጎንበስ ስል መልሳ እጄን ታያለች። በሳልስቱ እንደገና፦ «ይቅርታ፣ ተረከዜ።»

«ጫማዋ የማይረባ ነው?» አለች እህቴ።

«ጫማውማ ጥሩ ነው። እኔም ይገርመኛል። ደህና አድርጌ የመታሁት ሚስማር ቀጥ ብሎ፣ ራሱ ላይ የጉጠት ጥርስ አርፎበት ነው ተነቅሎ የሚመጣው።»

እህቴ አየችኝ። ቆይታ ቆይታ አየችኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ስቃ ስቃ የስፌት መኪናው ላይ ተደፋች።

«ምን ያስቅሻል?»

«አንተ ቂላቂል! የፓስተር ልጅ ጉጠት ምን ይሠራላታል?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ ብላችሁ ውሸት ነው። ጣሪያውን እያየሁ ብቻዬን ፈገግ ስል አነጋሁ። ደግሞ ወዲያው ብርድ ብርድ ይለኛል፤ እንደዚያ ጉጠት ይዛ የምትለፋ ልጅ፣ እወድሻለሁ ስላት ልምምድ ከመሰላት፣ አምናኝ አታውቅም ማለት ነው፣ አንዲት ቃሌን እንኳ።

*

የፈተናው ቀን ደረሰ። የመጨረሻው የልምምድ ፈተናዋ ነው። ካለፈች ትመረቃለች፤ ከተመረቀች ጫማዋን የምታመጣበት ምክንያት የለም።

ጠዋት ፕሮፌሰሯ ጠርተው ካርድ ሰጡኝ። በየካርዱ ላይ የምሆነው ሰው ተጽፏል። የዛሬው፦ ወንድሙ የሞተበት፣ በእግዚአብሔር ላይ የተቆጣ ሰው። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «አደራህን፣ ፍሪጅ እንዳታስገባበት» አሉኝ።

«ወንድምየው በፍሪጅ ቢሞትስ?»

«ሂድ ከፊቴ!»

እዚህ ኮሌጅ ተማሪ የሚወድቀው በሁለት መንገድ ነው፤ ስንቱን ሲወድቅ አይቻለሁ። አንዳንዱ ባለጉዳዩ «እግዚአብሔር» ከማለቱ ስብከት ይጀምራል፤ ሰውየው መግቢያ አጥቶ እሱ ጥቅስ ይደረድራል። ፕሮፌሰሯ እሱን አይወዱም። «ሰው ቁስሉን ሲያሳይህ ፋሻ ነው እንጂ ማይክ አይደለም የሚያዘው» ይላሉ። ሌላው ደግሞ ይሸሻል። ባለጉዳዩ ስለ አምላክ ሲያነሳ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። ዝምታ ከሸሺዎቹ ናት። አባቷን እንዳትመስል ስለምትፈራ፣ እግዚአብሔር የሚለው ቃል ሲነሳ ጆሮዋ ይቀላና «ለመሆኑ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?» ትላለች። አንዴ ገና ኪራይ የሚባል ነገር ሳላነሳባት ጠይቃኛለች፤ አሳንሰር ውስጥ ነው የምኖረው እያልኳት!

ተጨማሪ ወንበር ወደ መስታወቱ ጀርባ አስገባ ተባልኩ። እንግዳ ተመልካች አለ። አስገብቼ ቀና ስል ፓስተሩ ቆመዋል። ረጅም ናቸው፤ ኮታቸው አንዲት መጨማደድ የለባትም። እኔ ደግሞ ጉልበቴ ላይ ሙጫ አለ።

«ቀደዳው ማለት አንተ ነህ?»

«ይሉኛል፣ ፓስተር።»

«ልጄ ራት ላይ ስላንተ ታወራለች።»

«ምን ትላለች?»

«እንዴት ያለ ውሸታም መሰለህ አባዬ ትላለች።» ወንበሩን በጣታቸው ነካ አድርገው ጥንካሬውን ፈተኑት። «እየሳቀች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እቤታችን ሳቅ ጠፍቶ ነበር። ይህንን ስሰማ ደስ ሊለኝ ነው የሚገባው። ግን አልተኛሁም።»

ቁጭ አሉ። እኔ ካርዴን ይዤ ወጣሁ። የወንበሩን ጥንካሬ እንደፈተኑት እኔንም በጣታቸው ነካ ያደረጉኝ ያህል ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ።

*

ገባች። ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራለች። ያው እጇን አጣጠፈች፣ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«እንኳን ደህና መጣህ። ዛሬ ምን ይዘህ መጣህ?»

ካርዱ እንዳዘዘኝ ጀመርኩ። ወንድሜ ሞተ አልኩ። ታላቄ ነበር፣ ጎበዝ ዋናተኛ ነበር፣ ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ዋኝቶ ሲመለስ ፀጉሩ አይርስም ነበር አልኩ። ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግታ ብልጭ ብሎ ጠፋ። አሁን ያው ትጠብቃለች። እኔም ስለ ሐይቁ ልጨምር አፌን ከፈትኩ፤ የለም። ሐይቁ ደረቀ።

«በእግዚአብሔር ላይ ተቆጥቻለሁ» አልኩ፣ ካርዱ ላይ ስላለ።

ጆሮዋ ቀላ። አሁን ኪራይ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ሳል ተሰማ። ከባድ፣ የጎላ ሳል፤ ከመድረክ ላይ ሆኖ አዳራሽ ጸጥ የሚያሰኝ ዓይነት። ደሟ ከፊቷ ሲሸሽ አየሁት። አባቷ እዚያ ወዲያ መሆናቸውን አወቀች።

እሷ ግን አልሸሸችም። ወንበሯን ትንሽ አስጠጋች።

«ስትቆጣው ትነግረዋለህ?»

«አልነግረውም።»

«ለምን?»

ይሄ ካርዱ ላይ የለም። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ማለቴ አውቃለሁ፣ ለሰው ተናግሬው ስለማላውቅ ነው። «ስጸልይ ያው አፌ ነው» አልኩ። «ጌታ ሆይ ዛሬ ያየሁትን ብነግርህ አታምነኝም ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ ይጣፍጠኛል። ሦስት የነበረው ሠላሳ ይሆናል። መሀል ላይ ባንኜ፣ እንዴ፣ ለእሱም እየቀደድኩ ነው እንዴ እላለሁ። አፍሬ እተወዋለሁ። ትቼው ይኸው ስንት ጊዜዬ።»

አልሳቀችም። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር።

«ስትተወው እሱ ምን ይልሃል?»

«ዝም ይላል።»

«ዝም ሲልህ ምን ይሰማሃል?»

«የሚጠብቀኝ ይመስለኛል» አልኳት። «እንዳንቺ። ወሬው እስኪያልቅ፣ ከሥሩ ያለው እስኪወጣ። የፈራሁት ቁጣውን አይደለም። ከሥሩ ያለው ሲወጣ ትንሽ ነገር ቢሆንስ? አንድ ወንበር የሚጠግን ሰው ብቻ ቢሆንስ?»

ክፍሉ ውስጥ ሶፍቱ ሲነካ እንኳ ይሰማ ነበር። የነካሁት እኔ ነኝ።

«ይህ ስሜት» አለች ቀስ ብላ፣ «የመጣው ወንድምህ ከሞተ በኋላ ነው?»

«ወንድም የለኝም።»

ቀና አለች።

«እህት ብቻ ናት ያለችኝ። ታውቂያታለሽ፣ ያንን ቀሚስሽን ያሳጠረችልሽ።»

ዓይኗ ፊቴ ላይ ሄደ፤ ከግንባሬ ወደ አገጬ፣ ከአገጬ ወደ ዓይኔ። እንደዚያ ሆና አይታኝ አታውቅም። እስከ ዛሬ ያየችኝ ስትሰማኝ ነው፤ አሁን ግን ዝም ብላ አየችኝ።

«ደረጃው ላይስ?» አለች። ድምፅዋ ትንፋሽ ነው። «ደረጃው ላይ ያልከኝስ?»

«ደረጃው ላይ ካርድ ይዤ ነበር?»

ተነሳች። ወንበሯ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግድግዳውን መታ። ወደ መስታወቱ ዞረች፤ ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር።

«መምህር፣ ከዚህ በላይ መቀጠል አልችልም። ይህ ጉዳይ ለሌላ ባለሙያ ይተላለፍልኝ።»

ጨርሳ ወጣች። ወደ እኔ እንኳ አልዞረችም።

እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። መስታወቱ ውስጥ አንድ ሙጫ የነካው ሱሪ የለበሰ ሰው አየኝ፤ እኔም አየሁት። በሕይወቴ አንዴ እውነት ተናገርኩ፤ ጉዳዩ ለሌላ ይተላለፍልኝ ተባልኩ። እንደ ቆሻሻ ማሰሮ፣ እኔን ለማን እንደምታስተላልፈኝ እንጃ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለማሳመር አልሞክርም። ቤት ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቀ የሚያንኳኳ ሰው ምን ይሰማዋል? እሱን ነው የተሰማኝ።

*

ዕቃ ቤቴ ገብቼ ሚስማር መለየት ጀመርኩ። የተለየውን መልሼ ደባልቄ እንደገና እለያለሁ። ፕሮፌሰሯ አጎንብሰው ገቡ፤ በሯ አጭር ናት።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሚስማር።»

«ልጅቷ እዚያ ኮሪደር ላይ ቆማ አንተን ስትጠብቅ ስትጠብቅ ጠፋህባት።»

«ለሌላ አስተላልፉልኝ ብላ የለ እንዴ» አልኩ። «ተላልፌያለሁ። ማን እንደወሰደኝ አላውቅም እንጂ።»

ፕሮፌሰሯ የቀለም ጣሳው ላይ ቁጭ አሉ። አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው።

«ምኑ ያስቃል?»

«አንተን እዚህ ኮሌጅ በር ሳስጠግን የከረምኩት እኔ ጥፋተኛ ነኝ። አንድ ቀን ክፍል ማስገባት ነበረብኝ።» እንባቸውን ጠረጉ። «ስማኝማ የኔ ልጅ። ሐኪም የገዛ ልጁን ሆድ አይቀድም፣ አይደል? እጁ ይንቀጠቀጥበታላ። በእኛም ሙያ እንደዚያ ነው። ባለጉዳይህ ልብህ ውስጥ ያለ ሰው ከሆነ አትይዘውም። ስታውቀው እዚያው ታቆማለህ፤ ተናግረህ ለሌላ ታስተላልፋለህ። ልቧ የሌለበትን ሰውማ ይዛ ትቀጥል ነበር፤ ደግሞ እንደ ዛሬው ከያዘች ከፍተኛ ማርክ ነበር የምታገኘው።»

ሚስማሮቹ ከእጄ ወደቁ።

«ማለት…»

«ማለትማ ምን ማለት አለው! ፈተናዋን መሀል ላይ ጥላ፣ አባቷ መስታወቱ ጀርባ እንዳሉ እያወቀች፣ ይህን ሰው እወደዋለሁ ብላ ተነስታ ቆመች። በእኛ ቋንቋ ነው እንጂ ያለችው፣ ከዚህ በላይ በምን ይባላል?»

ተነሳሁ። ጭንቅላቴ ጣሪያውን መታው። ደስታ ያማል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እውነት ነው፣ እስከ ዛሬ እዚህ ጋ ያመኛል።

«ወድቃለች ታዲያ?»

«በትክክል ስላቆመች አልወደቀችም። ግን ሙሉ አንድ ሰው ማስተናገድ አለባት። ሌላ ባለጉዳይ ስለሌለ አሁን እኔው ራሴ ልገባላት ነው። ማርኩን ሌላዋ መምህርት ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ትሰጣለች።» ኮታቸውን አስተካከሉ። «ባሏ ጥሏት የሄደ ሴትዮ ነው የምሆነው። እንዴት አድርጌ ላልቅስ?»

«ባልየው ፍሪጁን ይዞ ቢሄድስ?» አልኳቸው።

*

ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ፓስተሩ ተቀምጠውበታል። የአባት ነገር፣ ልጃቸው ሌላ ዙር ስትፈተን መስታወቱ ጀርባ መቀመጥ አልቻሉም። ስደርስ አዩኝ፤ አጠገባቸው ያለውን ባርኔጣ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ቁጭ በል ማለት ይሁን ባርኔጣዬን እንዳትነካ ማለት አልገባኝም። ቁጭ አልኩ።



«ያ ስለ ጸሎት ያልከው» አሉ፣ ግድግዳውን እያዩ፣ «ካርዱ ላይ ነበር?»

«አልነበረም፣ ፓስተር።»

«ሂም።» ባርኔጣውን አዞሩት። «እኔም እዚያ ላይ ንጹሕ አይደለሁም። ስለ ጴጥሮስ መረብ በሰበክሁ ቁጥር የዓሣውን ቁጥር ልጨምር ይዳዳኛል። ወንጌሉ ላይ ተቆጥሮ ባይጻፍ ኖሮ የት አደርሰው እንደነበር እሱ ነው የሚያውቀው።»

ልስቅ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት።

«የምልህን ግን ስማ» አሉ። «የወንበር ጠጋኝነትህ አይደለም የሚያስጨንቀኝ። ልጄን ያህል የሰው ሸክም የሚሰማ ሰው አላየሁም። ከእንግዲህ ሥራዋ እሱ ነው። ጠዋት ወጥታ ማታ እስክትገባ፣ ማን እውነቱን ነገረኝ፣ ማን ደበቀኝ እያለች ትውላለች። እቤቷ ስትገባ ደግሞ ባሏን፣ ይሄኛውስ እውነት ነው ወይ ብላ ልታጣራ ነው? የት ትረፍ?»

ይህ ጥያቄ ከጥርስ ሐኪሙ የባሰ ነበር። የጥርስ ሐኪሙን ንቄው ነበር፤ ይህንን ግን መናቅ አልቻልኩም። ትክክል ነበሩ። የሚወዳት ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

«ዳግመኛ አልቀድም ብዬ አልምልልዎትም» አልኳቸው። «ብምል ከዛሬ ጀምሮ የመጀመሪያው ውሸቴ እሱ ይሆናል።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«ግን እሷ ፊት ውሸት ያልቅብኛል፣ ፓስተር። ይጠይቋት። ለማሳቅ የማወራላት ሌላ ነው፤ ያን ገና አፌን ስከፍት ታውቀዋለች። አሳንሰሩን አምናው አታውቅም። ሲከፋኝ ከፋኝ፣ ስሳሳት ተሳሳትኩ፣ ስወዳት ወደድኩሽ፣ እነዚህን አላሳምርባትም። ማታ ደክሟት ስትገባ ደግሞ የሚያስቃት ሰው ያስፈልጋታል። ያን ያህል ሸክም ተሸክሞ ሳይስቅ የሚያድር ሰው ይሰበራል። እኔ የተሰበረ ነገር ሲመጣልኝ ነው የኖርኩት፤ ከምን እንደሚሰበር አውቃለሁ።»

ፓስተሩ ባርኔጣቸውን ማዞር አቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ መሰለኝ፤ ሽማግሌ ፊት ላይ ቁጣና እንባ መጀመሪያ ሲመጣ አይለይም።

«የጥርስ ሐኪሙ» አሉ በመጨረሻ፣ «መቼም ጥሩ ልጅ ነው። ግን በመጣ ቁጥር ስንስቅ ድዳችንን ነው የሚያየው።»

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ፕሮፌሰሯ ቀድመው ወጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ሶፍት ይዘዋል። «ይቺ ልጅ አስለቀሰችኝ እኮ!» አሉ። «ያልነበረኝን ባል አስናፈቀችኝ! አልፋለች፣ አልፋለች፣ በቃ!» እያሉ ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

ከኋላቸው እሷ ወጣች። በሩ ላይ ቆመች። አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ሁለታችን አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣችንን አየች። ግራ የገባት ልጅ ፊት ነበራት፤ መሳቅና ማልቀስ እኩል የመጣባት።

ፓስተሩ ተነሱ። የተቀመጡበትን ቦታ በእጃቸው አሳዩዋት።

መጥታ ተቀመጠች። አግዳሚው የአባቷን ሙቀት እንደያዘ ነበር።

«ገብቶህ ነበር?» አለችኝ።

«አልገባኝም ነበር። አሰናበተችኝ ብዬ ዕቃ ቤት ገብቼ ሞቼ ነበር። ፕሮፌሰሯ ናቸው የተረጎሙልኝ።»

«እኔ ደግሞ ደረጃው ላይ…» ድምፅዋ ተቆረጠ። «ተንበርክከህ እያለ ትከሻህን መታ መታ አደረግሁህ፤ ጌታ ሆይ። ማታ ሳስበው፣ እውነቱን ቢሆንስ አልኩ… እውነት እንዲሆን በጣም ስለፈለግሁ ነው ያላመንኩት። ውሸት ቢሆን የምችለው አልመሰለኝም።»

«እውነት ነው።»

«አሁን አውቃለሁ።»

«እሺ ካሁን ወዲያ ምንሽ ነኝ? ባለጉዳይሽ አይደለሁም።»

ከንፈሯን ነከሰች። ወደ አባቷ ሳትዞር፣ ግን እንዲሰሙ አድርጋ፣ «አባዬ፣ እሁድ ምሳ ላይ አንድ ሰው ልጥራ?» አለች።

ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሚጠራውን ሰው አታውቂውም እንዴ? እንኳን ተጠርቶ እንዲሁም አፉ አይዘጋም» አሉ። «ይምጣ። እሺ አላልኩም። ይምጣ ነው ያልኩት።»

እጇን አግዳሚው ላይ፣ በእኔና በእሷ መሀል አስቀመጠች። መዳፏ ወደ ላይ ነው። ያዝኩት። በፍርሃት ቀዝቅዞ ነበር፤ እጄ ውስጥ ሆኖ ቀስ እያለ ሲሞቅ ይሰማኝ ነበር፣ ከጣቶቿ ጫፍ ጀምሮ።

ፓስተሩ ይህንን አዩና ወደ ኮሪደሩ መስኮት ዞሩ። ያ መስኮት የሚያየው የጎረቤቱን ሕንፃ ባዶ ግድግዳ ነው፤ ሲሚንቶ ብቻ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ባሕር እንደሚያይ ሰው፣ ረጅም ጊዜ ትኩር ብለው አዩት።